የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፦ ለአዲስ ገቢ ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን በሥራ ውል ተሰማርታችሁ ለምትገኙ፣ በተለይም ወደዚህ አገር ከመጣችሁ ገና ጥቂት ወራት ላስቆጠራችሁ ወገኖቻችን፦

በአዲስ አገር መኖር መጀመር ቋንቋ ከመልመድና ሙቀቱን ከመቻል ያለፈ ጉዳይ ነው። አዲስ ገቢ ሠራተኛ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚወስዳቸው እርምጃዎች ቀጣዮቹን ዓመታት በሕግ ጥላ ሥር ወይም ከሕግ ውጭ እንዲያሳልፍ ያደርጉታል። ይህ ትምህርት እነዚያን እርምጃዎች በቅደም ተከተል ያብራራል። ማንበብ ለሚከብዳቸው እህቶችና ወንድሞች በዕረፍት ቀናችሁ እንድታነቡላቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።

1. ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው አስተሳሰብ

ከአገሩ የወጣ ሰው እስኪመለስ ድረስ የተጫነበትን ሁሉ ተሸክሞ መኖር አለበት የሚል የቆየ አስተሳሰብ አብሮን ይመጣል። ይህ አስተሳሰብ ያለ ምክንያት አልተፈጠረም። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የሚሰጥን የግል አገልግሎት በቀጥታ አይሸፍንም። ስለዚህ በአዲስ አበባ ወይም በደሴ በሰው ቤት ተቀጥራ የሠራች እህት፣ የሳምንት ዕረፍትና የጽሑፍ ውል በሕግ ይገቡኛል ብላ አስባ አታውቅ ይሆናል። እዚህ ስትደርስም ጥያቄ ማንሣትን እንደ ድፍረት ትቆጥረዋለች። ችግሩ ከአቅሟ በላይ ሲሆን ደግሞ የሚታያት መፍትሔ በር ከፍቶ መውጣት ብቻ ነው።

ሁሉን ችሎ በመኖርና በመጥፋት መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም አቤቱታ ነው። በዚህ አገር የቤት ሥራ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። ሕጉ የሚጠብቀው ግን ችግሩን ለሚመለከተው አካል ያሳወቀን ሠራተኛ ነው። የዚህ ትምህርት ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው።

2. ሕጉ የሚሰጣችሁ መብቶች

የቤት ውስጥ ሠራተኞችን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 9 ነው። ፌዴራል በመሆኑ በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን ያለ ልዩነት ይሠራል። ከዋና ዋና ድንጋጌዎቹ መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

ሀ) ሠራተኛው በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ማረፍ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ 8 ሰዓቱ ሳይቋረጥ የሚታረፍ ነው።

ለ) በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት ዕረፍት አለ። በዕረፍቱ ቀን ከሠራ ምትክ ቀን ወይም ክፍያ ያገኛል።

ሐ) ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል፤ ከመክፈያው ቀን ከ10 ቀን በላይ ሊዘገይ አይገባም።

መ) በዓመት 30 ቀን የዓመት ዕረፍት፣ እንዲሁም በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ እስከ 30 ቀን የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለ።

ሠ) ፓስፖርትና የኤምሬትስ መታወቂያ የሠራተኛው ናቸው፤ በእጁ የመያዝ መብት አለው።

ረ) የቅጥር ቢሮው፣ በተለምዶ “መክተብ” የምንለው፣ ከሠራተኛው የኮሚሽን ክፍያ መቀበል አይችልም።

በጽዳት፣ በጥበቃ፣ በሆቴል፣ በግንባታና በመሰል ድርጅቶች የምትሠሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 33 ትተዳደራላችሁ። በዚህ ሕግ መደበኛው የሥራ ጊዜ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። በየዓመቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ባለው ጊዜ፣ ከቀትር በኋላ በእኛ አቆጣጠር ከ6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በፀሐይ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው።

በአገራችን በኩልም አዋጅ ቁጥር 923/2008 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1246/2013 ይጠብቋችኋል። በአዋጁ መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ የአሠሪው ግዴታ ነው። የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና የክትባት ወጪ የሠራተኛው ነው። ውሉ በሚጣስበት ጊዜ የኢትዮጵያው ኤጀንሲና አሠሪው በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ይሆናሉ። ስለዚህ ኤጀንሲው “እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ አያገባኝም” ሊል አይችልም።

3. የመጀመሪያው ሳምንት፦ ሰነዶቻችሁን ማወቅ

አገር ቤት የፈረማችሁትን ውል እዚህ ከተሰጣችሁ ውል ጋር አስተያዩ። ሦስት ነገሮችን ተመልከቱ፤ የደመወዙን መጠን፣ የሥራውን ዓይነትና የአሠሪውን ስም። ልዩነት ካለ በዚያው ሳምንት ለመክተቡ ንገሩ፤ ለጽሕፈት ቤታችንም አሳውቁ። በሕጉ መሠረት መክተቡ ሠራተኛውን ከአገሩ ከማስመጣቱ በፊት የሥራውን ዓይነትና ሙሉ ደመወዙን የማሳወቅ ግዴታ አለበት።

የፓስፖርታችሁን፣ የቪዛችሁን፣ የመታወቂያችሁንና የውላችሁን ፎቶግራፍ በስልካችሁ አንሡ፤ ለአንድ የምታምኑት የቤተሰብ አባል ላኩ። ስልክ ቢጠፋ ወይም ቢወሰድ ማስረጃው አገር ቤት ይገኛል። የአሠሪያችሁን ሙሉ ስም፣ የቤቱን አካባቢና የመክተቡን ስም በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። በችግር ጊዜ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የት ነሽ?” ብሎ ነው። የምትኖርበትን አካባቢ ስም የማታውቅን እህት ፈልጎ ማግኘት ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ሰዓትንም በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ይህ አገር ከኢትዮጵያ በ1 ሰዓት ይቀድማል፤ ሰዓት የሚቆጥረውም ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። በመልእክት 9፡00 ተብሎ የተጻፈ የጠዋት ቀጠሮ በእኛ አነጋገር 3 ሰዓት ነው። የአቤቱታ ቀጠሮ በዚህ ምክንያት እንዳያልፋችሁ ሲነገራችሁ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን ጠይቁ።

4. የመጀመሪያው ደመወዝ

አንድ ወር ሠርታችሁ ደመወዙ እስከ 10 ቀን ሊዘገይ ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ገንዘብ እጃችሁ የሚገባው ከ40 ቀን ገደማ በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህን ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። ለጉዞው ብድር የገባ ቤተሰብ በሦስተኛው ሳምንት “ለምን አልላክሽም?” ማለት ሲጀምር፣ አዲስ ገቢዋ ሠራተኛ ተጨማሪ ገንዘብ ፍለጋ መውጫ በር ማየት ትጀምራለች። ደላሎች የሚያገኟትም በዚህ ጊዜ ነው።

ያልተቀበላችሁትን ደመወዝ ተቀብያለሁ ብላችሁ አትፈርሙ። በማታነቡት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ሲቀርብላችሁ ትርጉሙን ጠይቁ። በአንዲት ትንሽ ደብተር ላይ የተከፈላችሁን መጠንና ቀን፣ ያልተከፈላችሁን ወርና ያላረፋችሁትን የዕረፍት ቀን መዝግቡ። በቀኑ የተጻፈ መዝገብ ለአቤቱታ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

በአንጻሩ በቤት ውስጥ ያሉ ሰዎችን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ በስውር ፎቶ ወይም ቪዲዮ አንሥቶ በቲክቶክና በዋትሳፕ ማሰራጨት ከባድ ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የሳይበር ወንጀሎች ሕግ ቁጥር 34 የሰውን የግል ሕይወት መድፈርን በእስራትና በገንዘብ ይቀጣል። በደል የደረሰባት ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ራሷ ተከሳሽ ልትሆን ትችላለች።

5. የሙከራ ጊዜ ማለት ምን ማለት ነው?

ሕጉ ከሥራ መጀመሪያ ቀን አንሥቶ ከስድስት ወር የማይበልጥ የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል። ብዙ ሠራተኞች ይህን አሠሪው ብቻ ሠራተኛውን የሚፈትንበት ጊዜ አድርገው ይወስዱታል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ ውሉ ቢቋረጥ ሠራተኛውን ወደ አገሩ የመመለስ ወጪ በመክተቡ ላይ ይወድቃል፤ ለአሠሪውም ምትክ የማቅረብ ወይም ገንዘቡን የመመለስ ግዴታ አለበት። ከዚህም ሌላ ሠራተኛውን በሰብአዊነት የማስተናገድና ጊዜያዊ ማረፊያ የመስጠት ኃላፊነት አለበት።

ከዚህ ሁለት ነገሮችን እንረዳለን። አንደኛ፣ ሥራው ከውሉ የተለየ ከሆነ ወይም ጤናችሁ ካልፈቀደ፣ ይህን ለመናገር ቀላሉ ጊዜ እነዚህ ስድስት ወራት ናቸው። ሁለተኛ፣ መክተቡ የሚወጣው ወጪ ስላለበት “ቻዪው፣ ይለመዳል” እያለ ቀን ሊገፋ ይችላል። ቀኑን የምትቆጥሩት እናንተ መሆን አለባችሁ። የሥራ መጀመሪያ ቀናችሁን በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ጻፉ፤ ስድስተኛው ወር የሚያበቃበትንም አስቀድማችሁ አስሉ።

በድርጅት የምትሠሩም የሙከራ ጊዜያችሁ ከስድስት ወር አይበልጥም። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሊያሰናብታችሁ ከፈለገ የ14 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እናንተም ወደ አገራችሁ ለመመለስ ከፈለጋችሁ የ14 ቀን፣ እዚሁ አገር ወደ ሌላ አሠሪ ለመዛወር ከፈለጋችሁ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጣላችሁ።

6. አቤት ያለችና የጠፋች

ልዩነቱን በምሳሌ እንመልከት። ሁለት እህቶች በአንድ ወር ወደ አጅማን መጡ እንበል። ሁለቱም በውላቸው የተጻፈው የአንድ ቤተሰብ ቤት ሥራ ነው። በሦስተኛው ወር ሁለቱም በአሠሪያቸው ዘመድ ቤት ጭምር እንዲሠሩ ታዘዙ፤ የሁለት ወር ደመወዝም አልተከፈላቸውም። በደላቸው አንድ ነው።

የመጀመሪያዋ በስልክ ያገኘቻት ሴት “ሻርጃ ነይ፣ በፍሪ ቪዛ በሰዓት ትሠሪያለሽ” ስላለቻት ማለዳ ወጥታ ሄደች። ለማንም አላሳወቀችም። አሠሪው መጥፋቷን ለባለሥልጣን አመለከተ። ከዚያ በኋላ የሁለት ወር ደመወዟን ለመጠየቅ ስትቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ የእርሷ መጥፋት ሆነ። የምትሠራበት አዲስ ቤት ደመወዟን ቢከለክላት የምታቀርበው ውል የላትም፤ ብትታመም መድን የላትም። አዲስ የሥራ ፈቃድም ልትከለከል ትችላለች።

ሁለተኛዋ መጀመሪያ ለመክተቡ ደወለች። መልስ ስታጣ ለሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር አመለከተች፤ ለቆንስላውም አሳወቀች። ሚኒስቴሩ ሁለቱን ወገኖች ጠርቶ ለማስማማት ይሞክራል። ካልተስማሙና የገንዘብ ጥያቄው ከ50,000 ድርሃም ካልበለጠ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ሚኒስቴሩ ራሱ ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን አለው። ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ የቤት ሠራተኛ ለሚያቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ሁለተኛዋ እህት ጥያቄዋን የምታቀርበው መብቷ እንደተጣሰ ሠራተኛ ሆና ነው።

“ፍሪ ቪዛ” የሚባል ቪዛ በዚህ አገር ሕግ ውስጥ የለም። ቃሉ የሚገልጸው በአንድ ሰው ስም ተመዝግቦ ለሌላ ሰው መሥራትን ነው፤ ይህም ለአሠሪውም ለሠራተኛውም ያስቀጣል። ያለ ፈቃድ የቤት ሠራተኛን የሚያሠራ ሰው ከ50,000 እስከ 200,000 ድርሃም ሊቀጣ ይችላል። ይህን የሚያውቅ አሠሪ ፍተሻ በመጣ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ሠራተኛዋን ማስወጣት ነው።

7. ከቤት መውጣት ግድ ሲሆን

ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት ወይም ለሕይወት የሚያሰጋ ሁኔታ ሲያጋጥም ቀን መቁጠር አያስፈልግም። በ999 ፖሊስ ጥሩ። በሩ ተቆልፎባችሁ ከሆነም ደውሉ፤ በመስኮት ወይም በሰገነት ለመውረድ ፈጽሞ አትሞክሩ። ፎቅ ቤት ከላይ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ ሕይወታቸውንና እግራቸውን ያጡ ብዙዎች ናቸው።

ስትወጡ የሚከተሉትን አስታውሱ፦ የራሳችሁን ሰነድና ልብስ ብቻ ያዙ፤ የቤቱን ቁልፍና የአሠሪውን ንብረት፣ ስልክም ቢሆን፣ ትታችሁ ውጡ፤ ለስርቆት ክስ በር አትክፈቱ። ሕፃን ወይም ደካማ ሽማግሌ ብቻውን ጥላችሁ አትውጡ፤ ሌላ ሰው መኖሩን አረጋግጡ። በቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ወደ ሚኒስቴሩ ወይም ወደ ቆንስላው ሂዱ፤ በዚያው ቀን አመልክቱ፤ ሁለተኛው ቀን እንዲያልፍ አትፍቀዱ። በጓደኛ ቤት አንድ ሳምንት አድሮ “ቀስ ብዬ አመለክታለሁ” ማለት አቤት ያለችውን እህት በጠፋችው ቦታ ያስቀምጣታል።

8. ሦስት ከተሞች፣ የተለያዩ የአካባቢ ደንቦች

የሠራተኛ ሕጉ በሦስቱም ኤሚሬቶች አንድ ቢሆንም የቤት ኪራይ፣ የትራፊክና የማኅበራዊ ሥነ ሥርዓት ደንቦች ይለያያሉ። አንዳንድ ወገኖች ሥራቸው ዱባይ ሆኖ ኪራይ ስለሚቀንስ በሻርጃ ወይም በአጅማን ይኖራሉ፤ ድንበሩን በየቀኑ ሲሻገሩ ደንቡም አብሮ እንደሚለወጥ ማወቅ ይገባቸዋል።

በሻርጃ የአልኮል መጠጥ መሸጥም መጠጣትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ከአጅማን ወይም ከዱባይ ገዝቶ በሻርጃ በኩል ይዞ ማለፍም ያስጠይቃል። የሻርጃ ከተማ አስተዳደር በቤተሰብ መኖሪያ ሰፈሮች ላጤዎች በጋራ ተከራይተው እንዳይኖሩ ይቆጣጠራል። በዱባይ የኪራይ ውል “ኢጃሪ” በሚባለው ሥርዓት ይመዘገባል፤ አብረው የሚኖሩ ሰዎችም መመዝገብ አለባቸው። አንድን ክፍል በጣውላ ከፋፍሎ ማከራየት ሕገ ወጥ ሲሆን፣ የዱባይ ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በ2025 በሪጋ፣ በሙረቀባት፣ በሰትዋና በሌሎች ሰፈሮች ጥብቅ ቁጥጥር አካሂዷል። የአልጋ ኪራይ ከመክፈላችሁ በፊት ውሉ በማን ስም እንደሆነ ጠይቁ፤ ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ።

በዕረፍት ቀን ወገንን ማግኘት መልካም ነው። በዱባይ ዴራ፣ ፍሪጅ ሙራር አካባቢ የአገራችን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ይገኛሉ፤ በሻርጃ የርሙክ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ መስጊድም በየሰፈሩ አለ። ሆኖም ለማታውቁት ሰው መታወቂያችሁን አታውሱ፤ በስማችሁ ሲም ካርድ ወይም የባንክ ሒሳብ አውጥታችሁ አትስጡ። በዚያ ስልክ ወይም ሒሳብ ለሚፈጸም ማጭበርበር መጀመሪያ የምትጠሩት እናንተ ናችሁ። ለታመመ ወገን እንኳ ቢሆን ያለ ፈቃድ ከሕዝብ ገንዘብ ማሰባሰብ በዚህ አገር የተከለከለ ነው፤ እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ቆንስላውን አማክሩ።

9. ቀድሞ ከቤት ለወጣችሁ

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ አስቀድማችሁ ከአሠሪያችሁ ቤት ወጥታችሁ ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃድ ካበቃ ወይም ከተሰረዘ በኋላ የተፈቀደው የእፎይታ ጊዜ ሲያልፍ በየቀኑ 50 ድርሃም ይቆጠራል፤ ይህም በወር 1,500 ድርሃም ማለት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 እስከ ዲሴምበር 31 ቀን 2024 በሰጠው የምሕረት ጊዜ፣ ፈቃዳቸው ያለፈባቸው ሰዎች ያለ ቅጣት እንዲወጡ ወይም ሁኔታቸውን እንዲያስተካክሉ ፈቅዶ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል። ሌላ ምሕረት ይመጣል ብሎ መቀመጥ በየቀኑ ዕዳ መጨመር ነው። ወደ ቆንስላው ቀርባችሁ ጉዳያችሁን ግለጹ፤ የጉዞ ሰነድ ለሌላችሁ የሚወጣበትን፣ ያልተከፈለ ደመወዝ ካላችሁም የሚጠየቅበትን መንገድ እናማክራችኋለን።

10. ራሳችሁን ፈትኑ

ይህን ትምህርት ካነበባችሁ በኋላ ለሚከተሉት ጥያቄዎች መልስ ስጡ፤ መልስ ያጣችሁለትን በዚህ ሳምንት አሟሉ።

– ሥራ የጀመርሁት በየትኛው ቀን ነው? ስድስተኛው ወርስ መቼ ያበቃል?
– የሥራ ውሌ ፎቶ ከእኔ ሌላ በማን እጅ ይገኛል?
– የምኖርበት አካባቢና የአሠሪዬ ሙሉ ስም ማን ይባላል?
– እስከ ዛሬ ስንት ወር ሠራሁ? የስንት ወር ደመወዝስ ተቀበልሁ?
– ችግር ቢደርስብኝ መጀመሪያ የምደውለው ለማን ነው?

በስልካችሁ የሚመዘገቡ ቁጥሮች፦ ፖሊስ 999፤ አምቡላንስ 998፤ የሰው ሀብትና ኤሚራታይዜሽን ሚኒስቴር 600590000፤ የሠራተኛ አቤቱታና ምክር መስጫ 80084።

አቤቱታ ለማቅረብ ዐረብኛ መቻል ወይም የሕግ ዕውቀት መኖር ግዴታ አይደለም። ቀኑን፣ የሆነውን ነገርና የምትጠይቁትን መብት በአማርኛም ቢሆን ጽፋችሁ ኑ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አብረን እንከታተላለን።

የኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት